ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ ካንሰር ሕሙማንና ስለ ደጋፊ መድኃኒቶች

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ያደግን ነን። እሳቱ ቤቱን ከያዘው በኋላ በእንስራ ውኃ ከመሯሯጥ፤ ገና ፍንጣሪ ሳለ በቅጠል መትቶ ማጥፋት እንደሚሻል የሚያስገነዝብ የአባቶች ምክር ነው። ነገር ግን ምክርን መስማት ሌላ፤ በሥራ ላይ ማዋል ሌላ ነው። እኔም የዚህን ተረት ትርጕም በሚገባ የተረዳሁት በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ሳይሆን፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና በሚጓዝ አውቶቡስ ውስጥ የታመሙ አክስቴን በክንዴ ደግፌ ስሄድ ነው።

አክስቴ ከሆሳዕና ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ እንሰት ተክለው፤ ልጆች አሳድገው የሚኖሩ እናት ናቸው። በጡታቸው ላይ የወጣው እብጠት ካንሰር መሆኑ ከታወቀ በኋላ በቀዶ ጥገና ወጣላቸው። ከዚያም ሐኪሞቹ የተረፈ በሽታ ካለ እንዲጠፋ በየ21 ቀኑ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት፤ ይኸውም ሕዝቡ በአጭሩ «ኬሞ» የሚለውን ሕክምና አዘዙላቸው። የመጀመሪያውን ዙር አዲስ አበባ ላይ በወሰዱበት ቀን ከኬሞው ጋር በቤት የሚዋጥ ኪኒን አብሮ ታዘዘ። እኔም ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ ስመለስ ስለ ዋጋው አሰብሁና፤ «አክስቴ፤ ይህን ኪኒን ሲያስመልስዎ ብቻ ይውሰዱት፤ ካላስመለሰዎ ለሚቀጥለው ዙር እናስቀምጠዋለን» ብዬ መከርኋቸው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የመጣ ልጅ የተናገረው ነገር ስለ ሆነ አክስቴም አልተጠራጠሩም።

በማግሥቱ ጧት ተሳፈርን። ከአዲስ አበባ እስከ ሆሳዕና ያለው መንገድ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቡታጅራ ሳንደርስ ማቅለሽለሹ ጀመራቸው፤ ወራቤን ስናልፍ የያዝነው ፌስታል አልበቃ አለ። ያን ጊዜ ኪኒኑን ከቦርሳዬ አውጥቼ ብሰጣቸው ከውኃው ጋር ወዲያው ተመለሰ። እቤት ከደረስንም በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ እህል የሚባል ነገር በአፋቸው አልዞረም። በአራተኛው ቀን ጠሩኝና፤ «ልጄ፤ በሽታው ቀስ ብሎ ነው የሚወስደኝ፤ መድኃኒታችሁ ግን ፈጥኖ ነው። ሁለተኛ አልሄድም» አሉኝ።

ጥፋቱ የመድኃኒቱ አልነበረም፤ የሐኪሞቹም አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ያ ኪኒን የታዘዘው ማስመለስ እንዳይጀምር ለመከላከል ነበርና፤ እኔ ግን እሳቱ ከተያያዘ በኋላ ቅጠል ፍለጋ ሄድሁ። ዛሬ ይህን ለመጻፍ የተነሣሁትም ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሾኔ፣ ከአንጋጫ ወይም ከሺንሺቾ እናቱን ይዞ ወደ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወይም ወደ ሐዋሳ ለካንሰር ሕክምና የሚሄደው ሰው፤ ብዙውን ጊዜ እንደ እኔ ያለ ተማሪ ወይም ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ሆነ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ ግምት እንደሚያመለክተው በሀገራችን በዓመት 80 ሺህ ያህል ሰዎች በካንሰር ይያዛሉ። ከሁሉ የሚበዛው የጡት ካንሰር ሲሆን፤ በሴቶች ዘንድ የማሕፀን በር ካንሰር ይከተለዋል። እንግዲህ ነገሩ የእናቶቻችንና የእኅቶቻችን ጉዳይ ነው ማለት ነው።

ሆድና አንጎል የሚላላኩት መልእክት

የካንሰር ሕዋስ ዋና ጠባዩ ያለ ልክ መራባት ነው። ኬሞ የተባለውም መድኃኒት የሚያጠቃው ቶሎ ቶሎ የሚራባውን ሕዋስ ነው። ሆኖም በጤነኛው ሰውነት ውስጥም ቶሎ የሚራቡ ሕዋሳት አሉ፤ እነርሱም የጠጕር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን፣ እንዲሁም ደም የሚፈጠርበት የአጥንት መቅኔ ናቸው። መድኃኒቱ ወዳጅና ጠላትን አጥርቶ ስለማይለይ እነዚህንም አብሮ ይነካል። ጠጕር የሚረግፈው፤ አፍ የሚቆስለው፤ ተቅማጥ የሚመጣውና ደም የሚያንሰው ከዚህ የተነሣ ነው። ደግነቱ ጤነኛው ሕዋስ ራሱን መልሶ የመጠገን ኀይል አለው፤ በዙርና በዙር መካከል ዕረፍት የሚሰጠውም ይህን ጊዜ እንዲያገኝ ነው። የረገፈውም ጠጕር ሕክምናው ሲያበቃ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል።

የማስመለሱ ነገር ግን የተለየ መንገድ አለው። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያከማቹ ሕዋሳት ይገኛሉ። መድኃኒቱ በደም ዞሮ ሲደርስባቸው ሴሮቶኒኑን ይለቁታል። እርሱም ከሆድ ወደ አንጎል የሚሄደውን ቫገስ የተባለውን ነርቭ ይነካዋል፤ ነርቩም «መርዝ ገብቷልና አስወጣ» የሚል ዓይነት መልእክት ለአንጎል ያደርሳል። ሰውነታችን ክፉ ነገር የበላን ስለሚመስለው ያስመልሳል ማለት ነው። ስለዚህ ማስመለሱ በሽታው ለመባሱ ምልክት አይደለም፤ መድኃኒቱ በሽታውን አልያዘውም ለማለትም ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ይህ ምስጢር ከመታወቁ በፊት የሕሙማኑ ስቃይ ብርቱ ነበር። ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት በ1978 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በተፈቀደ ጊዜ የዘር ፍሬ ካንሰር የያዛቸውን ብዙ ወጣቶች ከሞት ለማዳን ችሏል፤ ነገር ግን መከላከያ ሳይሰጣቸው ከሚወስዱት 100 ሰዎች መካከል ከ90 በላይ የሚሆኑትን የሚያስመልስ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ሜቶክሎፕራማይድ፤ እኛ «ፕላዚል» የምንለው መድኃኒት፤ በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ ማስመለሱን እንደሚቀንስ በጥናት ታየ። ከዚያም በ1991 እ.ኤ.አ. ኦንዳንሴትሮን በአሜሪካ ተፈቀደ። ይህ መድኃኒት ሴሮቶኒን ነርቩን የሚነካበትን በር አስቀድሞ ይዘጋል። «አስቀድሞ» የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በር የሚዘጋው ሌባው ከመግባቱ በፊት ነውና።

አንዳንድ ሰዎች እነዚህን ደጋፊ መድኃኒቶች እንደ ቅንጦት ይቆጥሯቸዋል፤ «ዋናው ኬሞው ነው፤ ሌላው ቢቀርስ?» ይላሉ። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ነው። ኦንዳንሴትሮን የዓለም የጤና ድርጅት በሚያወጣው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። በሽተኛው በስቃዩ ተማሮ ሕክምናውን ቢያቋርጥ፤ ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ዋናው መድኃኒት ምን ይጠቅማል?

ኪኒኑን በሰዓቱ

ማስመለስ በሁለት ጊዜ ይመጣል። የመጀመሪያው ኬሞው በተሰጠበት ዕለት ነው፤ ለዚህም ሐኪሞች ኬሞውን ከመስጠታቸው አስቀድመው ኦንዳንሴትሮንና ዴክሳሜታዞን የተባሉትን በመርፌ ወይም በኪኒን ይሰጣሉ። ሁለተኛው ከ2ኛው ቀን እስከ 5ኛው ቀን ድረስ የሚመጣው ነው። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ይህ ጊዜ ለሐኪሙ ቅርብ ሆኖ ያልፋል፤ የሆሳዕናና የዱራሜ ሰው ግን ይህን ጊዜ የሚያሳልፈው በመንገድ ላይና በገዛ ቤቱ ነው። ስለዚህ ለእርሱ ሐኪሙ በቦርሳው ውስጥ ያለው ኪኒን ነው። ኪኒኑም ቢያመውም ባያመውም በታዘዘለት ሰዓትና ለታዘዘለት ቀን ሁሉ ሊዋጥ ይገባል። በሁለተኛው ቀን «ደኅና ነኝ» ብሎ የሚተው ሰው፤ ደኅና ያደረገው ራሱ ኪኒኑ መሆኑን ዘንግቷል።

የመጀመሪያው ዙር በተለይ የሚያስጠነቅቅበት ሌላ ምክንያት አለ። በመጀመሪያው ዙር ክፉኛ ያስመለሰው ሰው፤ በሚቀጥለው ጊዜ መድኃኒቱ ሳይሰጠው ገና የሆስፒታሉን በር ሲያይና የአልኮሉን ሽታ ሲያሸት ሊያቅለሸልሸው ይችላል። አእምሮ ስቃዩን ከቦታው ጋር አስተሳስሮ ይይዘዋል። ይህንን ከያዘ በኋላ ለማስለቀቅ አስቸጋሪ ነው፤ መጀመሪያውኑ እንዳይዝ ማድረግ ግን ይቻላል።

እያንዳንዱ መድኃኒት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ዴክሳሜታዞን እንቅልፍ ስለሚነሣ ብዙውን ጊዜ ጧት ከምግብ በኋላ እንዲወሰድ ይታዘዛል። በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ ስለሚያደርግም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ለሐኪሙ ማስታወቅ አለበት። ኦንዳንሴትሮን ራስ ምታትና የሆድ ድርቀት ሊያመጣ ይችላል። ኦላንዛፒን የሚባልም ኪኒን አለ፤ ይህ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጥ መሆኑን ከመድኃኒት ቤት ሰምቶ «እናቴን እብድ ናት አላችሁ ወይ?» ብሎ የሚቈጣ ልጅ አይጠፋም። ነገር ግን በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፤ ኦላንዛፒን ከሌሎቹ ጋር ሲሰጥ ማቅለሽለሽን በእጅጉ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። እንቅልፍ ስለሚያመጣ ማታ ማታ ቢወሰድ ይመረጣል። የኬሞው ዓይነት እንደ በሽታው ስለሚለያይ የአንዱን ሕመምተኛ ኪኒን ለሌላው ማዋስ አይገባም።

ከ7ኛው ቀን በኋላ

ማስመለስ ቢያሰቃይም በይፋ የሚታይ ጠላት ነው። የበለጠ የሚያሠጋው ግን በዝምታ የሚመጣው ነው። ኬሞ ከተወሰደ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ፤ በሽታን የሚከላከሉልን ነጭ የደም ሕዋሳት ቍጥራቸው ብዙውን ጊዜ ዝቅ ይላል። በዚያ ሰዓት ተራ የሚመስል ተሕዋስ ወደ ደም ገብቶ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ሕይወትን ሊያጠፋ ይችላል። ምልክቱም አንዳንድ ጊዜ ትኩሳት ብቻ ነው፤ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ የሚጠበቅ ነገር የለም። ሐኪሞች በሽተኛው ሆስፒታል ከደረሰ በ1 ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ በደም ሥር እንዲጀመርለት ይመክራሉ።

በእኛ አካባቢ ግን ትኩሳት ሲነሣ ምን ይባላል? «ምች መትቷት ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል። ወይም «ወባ ነው፤ ታይፎይድ ነው» ተብሎ ከሱቅ ኪኒን ይገዛል፤ እስኪያልፍም ሁለት ቀን ይጠበቃል። ኬሞ ለወሰደ ሰው አንዲት ሌሊት እንኳ ብዙ ናት። ሙቀት ሳይለኩ ፓራሲታሞል መዋጥም ትኩሳቱን ደብቆ ስለሚያዘናጋ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ኬሞ የሚወስድ ሰው ባለበት ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ሊጠፋ አይገባም።

ለዚህም ወደ አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር መመለስ አያስፈልግም። በሆሳዕና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ በዱራሜና በሾኔም ሆስፒታል አለ። በስማቸው ሆስፒታሉ የተጠራላቸው ንግሥት እሌኒ የሀዲያ ተወላጅ ነበሩ፤ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ትልቁ ጦርነት ሳይደርስ አስቀድመው ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ የላኩ አስተዋይ ሴት መሆናቸውን ታሪክ ይናገራል። የእኛም አስተዋይነት የሚታየው በተረኛው ሐኪም ፊት በምንናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው፤ «ኬሞ ወስደዋል፤ ዛሬ 9ኛ ቀናቸው ነው፤ ትኩሳት አላቸው» ማለት። ይህች አጭር ዓረፍተ ነገር በሽተኛው ተራ እንዳይጠብቅ ታደርገዋለች።

የነጭ የደም ሕዋሳትን መፈጠር የሚያፋጥን ፊልግራስቲም የተባለ መርፌም አለ፤ ሐኪሙ ሲያስፈልግ ያዝዘዋል። መርፌው የሚጀመረው ኬሞው ካለቀ ከ24 ሰዓት በኋላ ስለ ሆነ፤ የሩቅ ሀገር ሰው ይዞት ወደ ቤቱ ለመሄድና በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ለመወጋት ይገደዳል። ነገር ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ይበላሻል። ስለዚህ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ጸሓይ ሲመታው መዋል የለበትም፤ በበረዶ እንዴት እንደሚያዝ ከመድኃኒት ቤቱ ጠይቆ መረዳት ይገባል።

ስለ ምግብ፤ ስለ አፍና ስለ ሕመም

ማቅለሽለሽ ሲኖር ትልቅ ማዕድ ማቅረብ በሽተኛውን ማስጨነቅ ነው። ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ቶሎ ቶሎ መስጠት ይሻላል። የቡላ አጥሚት ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ ለስላሳ ነው፤ የቆሰለ አፍ አያሻክርም። በነጭ ሕዋሳት ማነስ ጊዜ ግን ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተትና በደንብ ያልታጠበ ጥሬ አትክልት መቅረት አለባቸው። በመስከረም ሀዲያ ያሆዴን፤ ከምባታ መሣላን ሲያከብር ክትፎና ጥሬ ሥጋ በየቤቱ ይቀርባል፤ እንግዳም ይበዛል። በዚያ ሰሞን ኬሞ የወሰደችን እናት «ቅመሺ» ብሎ መጎትጎት ፍቅር ቢመስልም ጉዳት ነው። ሥጋው ይብሰልላት፤ የሚያስል እንግዳም ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

አፍ ሲቆስል በአንድ ብርጭቆ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ በቀን ብዙ ጊዜ መጉመጥመጥ ይረዳል። ተቅማጥ ሲኖር ኦ.አር.ኤስ. ቶሎ መጀመር፤ ካልቆመ ወይም ደም ካለበት ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። የእጅና የእግር ጣት መደንዘዝ ከመጣ፤ ይህም እንደ ፓክሊታክሰል ባሉ መድኃኒቶች ይደርሳልና፤ ሐኪሙ መጠኑን እንዲያስተካክል ሳይደብቁ መንገር ይገባል።

ብርቱ ሥቃይ ላለበት ሰው የሚዋጥ ሞርፊን ሊታዘዝ ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፤ የካንሰር ሥቃይ ደረጃ በደረጃ፤ ሰዓት እየጠበቀ በሚሰጥ መድኃኒት እንዲታገሥ መክሯል። «ሱስ ይሆንባታል» ብሎ እናትን በሥቃይ ማሳደር ከእውቀት ማነስ የሚመጣ ጭካኔ ነው። በሐኪም ትእዛዝ ለሥቃይ የሚወሰደው ከሱስ ጋር አንድ አይደለም፤ ሞርፊን ሁልጊዜ የሆድ ድርቀት ስለሚያመጣ ግን የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ መጠየቅ አይዘንጋ። ስለ ጸሎትም ቢሆን፤ ጸሎት ከኪኒን ጋር አይጣላም። የሀገር ቤት ቅጠላ ቅጠል ግን አንዳንዱ ከኬሞው ጋር ስለሚጋጭ ለሐኪሙ ሳይነግሩ መጠጣት አደገኛ ነው።

የተማረው ልጅ ግዴታ

አዲስ አበባ ላይ የመድኃኒቱ ትእዛዝ የሚነገረው በአማርኛ ነው። ብዙዎቹ እናቶቻችን ግን ነገር የሚገባቸው በሀዲይሳ ወይም በከምባቲሳ ነው። በመካከል የሚቆመው አስተርጓሚ ያው የተማረው ልጅ ነው። እርሱ አንድ ቃል ቢጥል የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ከሆስፒታል ሳይወጣ ኪኒኖቹን ቀንና ሰዓት ለይቶ በወረቀት ይጻፍ፤ ያልገባውን ሳያፍር ይጠይቅ፤ ትኩሳት ቢነሣ የሚደውልበትን ስልክ ይያዝ። እቤትም ሲደርስ ለእኅቱና ለጎረቤት ጭምር ያስረዳ፤ እርሱ ወደ ሥራው ሲመለስ ኪኒኑን የሚሰጡት እነርሱ ናቸውና።

በየቤታችን ከደቡብ አፍሪካ ገንዘብ የሚልክ ወንድም ሞልቷል። እርሱንም «ለኬሞ ላክልን» ብቻ ሳይሆን ለደጋፊ መድኃኒቱም፣ ለቴርሞሜትሩም፣ ለመሳፈሪያውም ጭምር መጠየቅ ይገባል። በጨረር ሕክምና ምክንያት ለሳምንታት አዲስ አበባ መቆየት ግድ ሲሆን ደግሞ፤ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ እንዳለው ማወቅ ይጠቅማል። በጤና ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ወጣት ሹምም የመድኃኒት ግዥ ዝርዝር በጠረጴዛው ላይ ሲቀርብ፤ ከማስመለስ መከላከያውና ከአንቲባዮቲኩ ላይ እስክርቢቶውን ከማሳረፉ በፊት አንዲት እናት በአውቶቡስ ውስጥ ምን እንደምትሆን ያስብ።

አክስቴን ለሁለተኛው ዙር ያሳመንኋቸው በተማረ ሰው ንግግር አይደለም፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ኪኒኑን አስቀድመው መዋጥ ነበረብዎ» ብዬ በመናዘዝ ነው። ጥቂት ዝም አሉና፤ «እንግዲያው አንተው ቁጠርልኝ» አሉኝ። በዚያኛው ዙር ሐኪሙ ኪኒኖቹን አስተካክሎ ጨመረላቸው፤ እኔም ሰዓቴን እያየሁ ሰጠኋቸው። ማቅለሽለሹ ጨርሶ ጠፋ አልልም፤ ሁለት ቀን ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ነገር ግን ቡታጅራን በእንቅልፍ አለፉ፤ የያዝነው ፌስታል ሳይፈታ ወራቤን አለፍን። ሆሳዕና መናኸሪያ ስንወርድ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው፤ «እቤት ቡላ አለ ወይ?» የሚል ነበር። የቀሩትንም ዙሮች ሳያቋርጡ ፈጸሙ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ካንሰርን የሚያህል እሳት በአንድ ኪኒን ይጠፋል የሚል ሰው የለም። ነገር ግን በሽተኛው እሳቱን ለመዋጋት በእግሩ መቆም አለበት፤ ያቆመውም ዘንድ ደጋፊው መድኃኒትና አጠገቡ ያለው ሰው ያስፈልጉታል። ሰዓት ቆጥሮ መስጠት፤ ሙቀት መለካት፤ ሳይፈሩ መጠየቅ ዲግሪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ቅጠሉ በእጃችን ነው፤ ሳይቃጠል እናንሣው።